የዓባይ በረሃ ዳገትና የብስክሌት ማርሽ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በብስክሌት ለመጓዝ የሚነሣ ሰው ከጎሐ ጽዮን በኋላ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። መንገዱ እስከ ድልድዩ ከ1300 ሜትር በላይ ይወርድና ወደ ደጀን የዚያኑ ያህል ይወጣል። ከዓመታት በፊት ይህን ጉዞ ስናደርግ፣ ከሁላችን ይልቅ ቀላልና ውድ የእሽቅድምድም ብስክሌት የያዘው ጓደኛችን ዳገቱን ሳያጋምስ ወረደ። ማታ ጉልበቱ አብጦ አደረ፤ በማግስቱም በአውቶቡስ ተሳፈረ። «የደከመው እግሬ ነው ወይስ ብስክሌቱ?» ሲል ጠየቀን። መልሱን በስሌት እንፈልግ።

ብስክሌተኛው ከነብስክሌቱና ከነጓዙ 90 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ዳገቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም አማካይ ተዳፋቱ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚጎትተው የስበት ኃይል 62 ኒውተን ገደማ ነው፤ የጎማው ሰበቃ ሲታከልበት 67 ይሆናል። ጥሩ ልምምድ ያለው ሰው ለሰዓታት 150 ዋት ቢያመነጭ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ጎማው በደቂቃ 64 ጊዜ ይዞራል።

የጓደኛችን ብስክሌት ትንሹ የፊት ማርሽ 39፣ ትልቁ የኋላ ማርሽ 25 ጥርስ ነበረው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 1.56 ጊዜ ይዞራል፤ እግሩ ግን በደቂቃ 41 ዙር ብቻ ይመታል። ፊት 26፣ ኋላ 34 ጥርስ ቢሆን ኖሮ 84 ዙር ይመታ ነበር። አቅሙ ያው 150 ዋት ሆኖ ሳለ፣ በእያንዳንዱ ምት እግሩ የሚገፋው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ጉልበትን የሚጎዳውም ይኸው የምቱ ክብደት ነው።

ብስክሌቱን በ2 ኪሎ ግራም ማቅለልስ? ከ90 ኪሎ ግራም የሚቀነሰው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለቅለት የሚከፈለው ብዙ ገንዘብ፣ ጥቂት ጥርሶች የሚሰጡትን ጥቅም አይተካም።

ቁልቁለቱም የራሱ ሒሳብ አለው። እስከ ድልድዩ ከ1 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት ይለቀቃል፤ አየሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል። ፍሬኑን ሳይለቁ መያዝ ቸርኬውን አግሎ ጎማ ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ መያዝ፣ አልፎ አልፎም ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

በቅሎ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ጥርሷን ሳያይ ገንዘቡን አይከፍልም። አንባቢያን ሆይ፣ ለተራራማ አገር ብስክሌት ስትገዙም እንዲሁ አድርጉ፤ አስቀድማችሁ ጥርሱን ቁጠሩ።