ዘጠናው የየትኛው መሣሪያ ነው?
የሃያሲያንን ነጥብ አይቶ የቪዲዮ ጌም መምረጥ ነውር የለውም፤ ቁጥሩ ምን እንደለካ ሳይጠይቁ መክፈል ግን ያስጎዳል። ሳይበርፐንክ 2077ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ለገበያ ሲቀርብ የሃያሲያንን ነጥብ በሚያሰባስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ የነበረው አማካይ ነጥብ 90 አካባቢ ነበር። ሃያሲያኑ አስቀድመው እንዲጫወቱት የተሰጣቸው ግን የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነው። ያንን ቁጥር አምኖ ለፕሌይስቴሽን 4 የገዛ ሰው የገጠመው ምስሉ የሚቆራረጥ፣ በየመሀሉ የሚዘጋ ጌም ሆነ። የፕሌይስቴሽን አምራቹ ሶኒ በሳምንቱ ከዲጂታል መደብሩ አነሣው፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ የሌላ መሣሪያ ቁጥር ነበር እንጂ።

ሁሉን ግምገማ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ በነጥብ ያጣራ የሚል ክርክር አለ፤ በከፊል እቀበለዋለሁ። ብዙ ሃያሲያን ተስማምተው ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጡ ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ከፍተኛ አማካይ ግን ታሪኩን የወደደውንና ፍልሚያው የሰለቸውን ሰው አንድ ላይ ይደባልቃቸዋል፤ እናንተ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመስሉ አይነግራችሁም። ጌሙ በማሻሻያ ሲለወጥም ሃያሲያን በመጀመሪያው ቀን የሰጡት ነጥብ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆያል። ሳይበርፐንክ በ2023ቱ 2.0 ማሻሻያ የችሎታ ሥርዓቱ ሳይቀር ተቀይሯል።

የአንድ ሃያሲ አስተያየት ከአማካይ ይልቅ ያዳላል ለሚሉ፦ አዎ፣ ያዳላል። ጣዕሙን የምታውቁት ሃያሲ አድልዎ ግን የሚታወቅ ነው፤ እሱ የሰለቸው ረጅም ውይይት እናንተ የምትፈልጉት ሊሆን ይችላል። ይህን የምታገኙት ከጽሑፉ ነው፤ በየትኛው መሣሪያና በየትኛው ማሻሻያ እንደተጫወተም እዚያው ፈልጉ።