ከጨርጨር ድንጋይ የሚወጣ ማድቤት

በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በቦኬ ቤት የሚያሠራ ሰው ከግንበኛው ጋር ሲነጋገር ሳያስበው ጣሊያንኛ ይናገራል። ወለሉ ሊሾ ይሁን? ዞኮሎው ምን ያህል ከፍ ይበል? ለኮርኒሱ ስንት ሙራሌ ይበቃል? ላቫንዲኖው በየት በኩል ይግባ? ሲሚንቶው፣ ቱቦው፣ ላሜራው ሁሉ ስማቸው ከጣሊያን የመጣ ነው። ወሬው ምድጃው ላይ ሲደርስ ግን ቃላቱ የራሳችን ይሆናሉ፤ ጉልቻ፣ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ቡሃቃ።

ዛሬ ብዙ ሰው በፊልምና በስልክ ላይ ያየውን የጣሊያን ገጠር ኩሽና ለቤቱ ይመኛል። ድንጋዩ የሚታይ ግድግዳ፣ ቀይ የሸክላ ወለል፣ የእንጨት ወራጅ፣ ጉልላት ያለው የዳቦ ምድጃ ደስ ያሰኘዋል። ይህ ዳሰሳ ያ ኩሽና ከምን እንደተሠራ፣ በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጨርጨር ተራሮች ባሉ ከተሞች የትኛው ክፍሉ እንደሚሳካና በየትኛው ላይ መጠንቀቅ እንደሚገባ ይቃኛል።

የድሃ ገበሬ ክፍል

ያ ኩሽና ሲጀመር የሀብታም ጌጥ አልነበረም። ገበሬው ቤተሰብ የሚያበስልበት፣ የሚበላበት፣ ክረምቱን የሚሞቅበትና እንግዳ የሚቀበልበት አንድ ክፍል ነበር። በቶስካና ወለሉ ከአካባቢው ሸክላ ይነጠፋል፤ በፍሎረንስ አጠገብ ያለችው ኢምፕሩኔታ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚህ ሸክላ ነው። በደቡብ፣ በፑልያ፣ ግድግዳው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በኖራም ይቀባል። በ1996 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የአልቤሮቤሎ ጎጆዎች ያለ ምንም ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠሩ ናቸው። ምግቡም እንደ ቤቱ ነው። የፑልያ ገበሬ የተከካ ባቄላ በሸክላ ድስት አድርጎ በእሳቱ ዳር ቀስ ብሎ ያበስልና ከዱር ጎመን ጋር ይበላዋል። የእኛ ሰው ይህን ድስት ቢያይ ስሙን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ያውቀዋልና።

ሕጉ እንግዲህ አንድ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ከቅርብ ይመጣል። ድንጋዩ ከተራራው፣ ሸክላው ከወንዙ ዳር፣ እንጨቱ ከጓሮ። ይህን ሕግ ትቶ መልኩን ብቻ የሚቀዳ ሰው ከውጭ የመጣ የድንጋይ ሥዕል ያለበት ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ሕጉን የያዘ ሰው ግን ጨርጨር ላይ ሆኖ ወደ ጨርጨር ተራራ ይመለከታል።

ፑልያ ወደ ጨርጨር የመጣችበት ዘመን

ሁለቱ አገሮች ከዚህ በፊትም ተገናኝተዋል፤ ግን በመልካም መንገድ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም.፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን አስተዳድረውት ነበር፤ አሰበ ተፈሪ የተባለችው የዛሬዋ ጭሮም የዚያ ዘመን ውጥን ናት። ከወረራው በኋላ የፋሺስት መንግሥት ከጣሊያን ክፍለ ሀገሮች ገበሬ እያመጣ ለማስፈር ድርጅቶች አቋቋመ። የሮማኛው ለወገራ፣ የቬኔቶው ለጅማ፣ የፑልያው ለጨርጨር ተመደበ። «የኢትዮጵያ ፑልያ» የተባለው ይህ ድርጅት በ1930 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያሰፈረበት መሬት ባለቤት ያለው መሬት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ወረራው ሲያበቃ ሰፈራውም አብሮ አበቃ። የግንበኛው ቃላት ግን ቀሩ። ድሬዳዋ ላይ በዚያው ዘመን የተተከለው የአገሪቱ የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካም ቀረ።

ሰፋሪዎቹ ተራራውን ሲያዩ የአገራቸውን ድንጋይ ሳያውቁት አልቀሩም። ፑልያ በኖራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ በካስቴላና ዋሻዎቿ የታወቀች አገር ናት። በዳሮ ለቡ፣ መቻራ አካባቢ፣ እንደ አቸሬ ያሉ ዋሻዎችም ውሃ የኖራ ድንጋይን እየበላ የፈለፈላቸው ናቸው። ስለዚህ ፑልያዊ የሚባለውን ግድግዳ ለመሥራት ከዚያ የሚመጣ ነገር የለም። ድንጋዩ እዚሁ አለ።

ግድግዳና ወለል

የድንጋይ ሙያም ለሐረርጌ እንግዳ አይደለም። ከሐረር በስተምሥራቅ ያለችው የአርጎባዎች መንደር ኮረሚ በድንጋይ ቤቶቿ ትታወቃለች። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ቤት ደግሞ ከየትኛውም የጣሊያን መጽሔት የተሻለ መማሪያ ነው። መቀመጫው ከወለሉ ጋር የተገነባ መደብ ነው፤ መደርደሪያው በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈለ ነው። ማድቤትም ቢሆን ቁም ሳጥን ከመግዛት ይልቅ ግድግዳው ሲገነባ ለቅመም ዕቃው፣ ለጀበናውና ለሲኒው የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ ቢተውለት ገንዘብም ቦታም ይተርፋል።

ግድግዳውን ሁሉ ድንጋይ ማድረግ አያስፈልግም። ከምድጃው ጀርባ ያለው አንዱ ይበቃል፤ ሌላው የጭቃ ወይም የብሎኬት ሆኖ በኖራ ይለሰን። አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር የተለመደው ልክ ነው። የኖራ ልስን እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ለጭቃ ቤት ከሲሚንቶ የሚሻለውም በዚህ ነው። ሲሚንቶ ውሃውን ከውስጥ ሲያፍነው ጭቃው ይፈርሳል። የኖራ ቀለም ቀጠን ተደርጎ ደጋግሞ ይቀባል እንጂ ባንድ ጊዜ አይወፍርም። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ያድርግ።

ለወለል የተጠበሰ ሸክላ ከተገኘ መልካም ነው። ጣሊያኖች ሸክላውን የሚያጠግቡት በተልባ ዘይትና በሰም ነው፤ ሁለቱም ከገበያችን አይጠፉም። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ተዘርግቶ ደጅ መድረቅ አለበት። ሸክላው ካልተገኘ ቀይ ቀለም የገባበት ሊሾ ለዓይንም ለኪስም የሚስማማ ነው።

ለመክተፊያ ሰሌዳ ግን የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ አይመከሩም። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ይበሏቸዋል። ጥቁር ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ ይሻላል። ከፍታው ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቆማ የምትሠራ ሴት ወገቧን አያማትም። ለወራጅና ለመደርደሪያ የደረቀ ባህር ዛፍ ወይም ከፈረሰ ቤት የተረፈ እንጨት ይበቃል። ዋንዛና ጥድ ውበት አላቸው፤ ነገር ግን የጨርጨር ተራሮች ከዚህ በላይ መራቆት የለባቸውም።

እሳቱ

የጣሊያኑ ገጠር ኩሽና ልቡ ምድጃው ነው፤ የእኛም እንዲሁ። እኛ ዘንድ «ፎርኖ» የዳቦው ስም ሆኖ ቀርቷል፤ በጣሊያንኛ ግን ምድጃው ራሱ ነው። የዳቦው ምድጃ የሚሠራው ሙቀትን በሚያጠራቅም ወፍራም የጡብ ጉልላት ነው። መጀመሪያ እንጨት ውስጡ ይነዳል፤ ጡቡ ሲግል ፍሙ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከዚያ ዳቦው በወለሉ ላይ ይቀመጣል። የበሩ ከፍታ የጉልላቱን ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲሆን ጭሱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይቀራል። በሩ ከዚያ ከበለጠ ሙቀት ያመልጣል፤ ካነሰ እሳቱ አየር ያጣል። ይህ ምድጃ እንጨት ይበላልና ለየዕለት አይሆንም። ዳቦ ለሚሸጥ ቤት ወይም ጎረቤቶች ተሰብስበው ለሚጋግሩበት ቀን ግን ዋጋ አለው።

ለዕለቱ የሚያስፈልገን ሌላ ነው። የጣሊያን ኩሽና እንጀራን አያውቅም። ምጣዱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ በፊቱ መቆሚያ፣ በጎኑ የማሽላውን ወይም የጤፉን ሊጥ ማስቀመጫ፣ በሌላው ጎን ሰፌድ መዘርጊያ ይፈልጋል። ስለዚህ ማድቤት ሲነደፍ መጀመሪያ የምጣዱ ቦታ ይለካ፤ ሌላው በዙሪያው ይደርደር። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ በድንጋይ መደብ ውስጥ ተገንብቶ ሲቀመጥ ደግሞ ከጣሊያኑ ምድጃ የሚያንስ ውበት የለውም። ኤሌክትሪክ ምጣድ ላለው ቤት የራሱ መስመር ይሳብለት፤ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባልና ከሌላ ዕቃ ጋር ሲጣመር ሽቦ ያግላል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው የጭሱ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። እናቶቻችን ዓይናቸው እየቀላ፣ ደረታቸው እያፏጨ ያሳደጉን በዚህ ጭስ ውስጥ ነው። የጣሊያን ገበሬ ምድጃውን ቤቱ መሀል ሊያስገባ የቻለው ጭስ ማውጫ ስለሠራለት ነው። ማውጫው ከጣሪያው አናት በላይ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ ቆርቆሮውን በሚያልፍበት ቦታ ከእንጨትና ከኮርኒስ ይራቅ፤ ጥላሸቱ የሚጠረግበት በርም ይኑረው። ከምድጃው ትይዩ መስኮት ይከፈት፤ የሚተካው አየር ካልገባ ጭሱ ሊወጣ አይችልምና።

ዕቃውና ጓሮው

የጣሊያን ገጠር ሴት ሊጥ የምታቦካበት የእንጨት ሣጥን አላት፤ እኛ ቡሃቃ አለን። የእብነ በረድ ሙቀጫ አላት፤ እኛ ሙቀጫና ዘነዘና አለን። እሷ ከግድግዳዋ መዳብ ድስት ትሰቅላለች፤ እኛ ሰፌድና ሌማት እንሰቅላለን። ጓሮውም ቢሆን ዘመድ ነው። ጣሊያኖች ከሥጋ ጋር የሚጠብሱት ሮዝማሪኖ የእኛው የጥብስ ቅጠል ነው። የወይራችንም ዛፍ ዘይት ለሚሰጠው የሜድትራኒያን ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እኛ ግን በጭሱ ዕቃ እናጥንበታለን። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና በሶብላ በማድቤቱ መስኮት ሥር ቢተከሉ ውበቱ ያለ ወጪ ይመጣል። የእጅ ውሃ ተፋሰስም ወደዚያው አትክልት ቢመራ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ይጠቅማል።

ከምን ይጀመር?

ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚሠራ ጥቂት ነው። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግን ለሁሉም ይቻላል። ጭስ ማውጫና መስኮት ይቅደሙ፤ ከዚያ ምድጃውና መደቡ፤ ከዚያ ውሃና ተፋሰሱ፤ ከዚያ ወለሉ። የድንጋዩ ግድግዳና ወራጁ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ቤት ለፎቶ ያምራል፤ የምትጋግረው ሴት ግን ከጓሮ ባለችው ጠባብ ጭሳም ክፍል ውስጥ እንደ ድሮው ትቀራለች።

ከዚያ የገጠር ኩሽና ልንወስደው የሚገባን ትልቁ ነገር ይህ ነው። እዚያ የምታበስለው ሴት ጀርባዋን ለቤተሰቧ አልሰጠችም፤ እሳቱ፣ ልጆቹና እንግዳው አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። በጨርጨር ድንጋይ፣ በአካባቢው ኖራ፣ በምርጥ ምድጃ የተሠራ ማድቤት ውስጥም እናት እንጀራዋን እየጋገረች፣ ሆጃ የሚባለው መጠጥ እየተቀዳ፣ ከቡናው ዙሪያ ያለውን ጨዋታ መስማት ትችላለች። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ወጪ ከቆርቆሮው በላይ የሚወጣው ጭስ ማውጫ ነው።