ዛንዚባር ከልጆች ጋር፦ ከአሸዋው ባሻገር ምን እናሳያቸው?



ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ልጆቹን ዘንድሮ የት እንውሰዳቸው?» የሚለው ጥያቄ አቅም በፈቀደበት ቤት ሁሉ ይነሳል። ባሕር በሌላት አገር ያደጉ ልጆችን ከጠየቅናቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ ባሕር። እኛም ገንዘባችንን ለወራት አጠራቅመን ከሦስት ልጆቻችን ጋር ዛንዚባር ሄድን፤ አንድ ሳምንት ቆይተንም ተመለስን። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

የጉዞ ማስታወቂያዎች የሚያሳዩን ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍና ሰማያዊ ውኃ ነው። ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ዛንዚባር ነዋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሙስሊሞች የሆኑባት፣ እስልምና ከ900 ዓመት በላይ የኖረባት ምድር ናት። ቁርኣን በተለያዩ ቦታዎች በምድር ላይ ተጉዘን እንድናስተውል ያዘናል። አንዳንዴ የአላህን አፈጣጠር፣ አንዳንዴ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎችን ፍጻሜ እንድናይ ነው። በዛንዚባር ሁለቱንም ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ከመሄዱ በፊት ሊያውቀው ይገባል ያልነውንና ለልጆቹ ቢያሳያቸው የምንመክረውን እናካፍላለን።

ደሴቲቱን እንወቃት

ዛንዚባር አንድ ደሴት ብቻ አይደለችም። ሁለቱ ትልልቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ይባላሉ። ጎብኚ «ዛንዚባር ሄድኩ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ኡንጉጃን ማለቱ ነው። ዛንዚባር በሚያዝያ 1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ የዛሬዋን ታንዛኒያ ፈጠረች፤ እስከ ዛሬም የራሷ ፕሬዚዳንትና መንግሥት አላት። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች ሲሆኑ ከኦማን የመጡ የኢባዲያ ተከታዮችም አሉ።

ስዋሂሊ ለእኛ ጆሮ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ብዙ ቃላትን እንደ አማርኛ ከዐረብኛ ወስዷል። ልጆቻችን «ሳሃኒ» ሳህን፣ «ሱካሪ» ስኳር፣ «ዋካቲ» ወቅት፣ «ኪታቡ» ኪታብ መሆኑን ሲያውቁ ቃል መልቀም ጨዋታቸው ሆነ። ሳምቡሳውም እዚያ ሳምቡሳ ነው።

ከሁሉም ያስገረማቸው የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልክ እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። «ሳ ሞጃ» ሲሉ የእኛን 1 ሰዓት ማለታቸው ነው። የመርከብ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ሰዓት ግን በአውሮፓውያኑ ስለሚጻፍ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ከመነሳታችን በፊት

ቪዛችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ ስለሚጠየቅ የልጆቹንም አትርሱ። ከጥቅምት 2024 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቲቱን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ነው፤ ሌላ የጉዞ መድን ቢኖራችሁ እንኳን ይህኛው አይቀርም። ስለዚህ ወጪውን በየሰው ቁጥር አስሉት።

ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቀላሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ይጥላል። የእኛ የክረምት ዕረፍት እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ላይ መዋሉ ትልቅ ምቾት ነው። በረመዳን የሚሄድ ደግሞ በቀን ምግብ ቤቶች እንደሚዘጉና በአደባባይ መብላት ክልክል መሆኑን ይወቅ።

በከተማና በመንደር ውስጥ ጎብኚ ሰውነቱን የሚሸፍን ልብስ እንዲለብስ ደንብ አለ። ለእኛ ይህ ሸክም አይደለም። ሆኖም በሰሜን ጫፍ ባሉት እንደ ኑንግዊና ኬንድዋ ባሉ የታወቁ የባሕር ዳርቻዎች ያለው ሁኔታ ሌላ ነው፤ ዐውራ ይገለጣል፣ መጠጥም ይሸጣል። ዳርቻውን የምትመርጡት በፎቶ ውበት ብቻ አይሁን። ለቤተሰብ የሚሆነው ከመንደር አጠገብ ያለ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ ነው። የከተማው ምግብ ቤት ሐላል ነው፤ የውጭ ጎብኚ በሚበዛባቸው ሆቴሎች ግን ስለ ሥጋውም ስለ ወጥ ቤቱም ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ደግሞም ሽርሽር ግዴታ አይደለም። በወለድ ብድር የሚኬድ ዕረፍት ከሚያሳርፈው ይልቅ የሚያደክመው ይበልጣል።

ሶላታችንን እንዴት እንስገድ?

ቂብላው ቀላል ነው። መካ ከዛንዚባር በትክክል ሊባል በሚችል ሁኔታ ወደ ሰሜን ናት። ከአዲስ አበባም እንዲሁ ስለሆነ ልጆቻችን «ቂብላው አልተቀየረም!» ብለው ተደሰቱ። ካርታ አውጥተን ሦስቱ ቦታዎች በአንድ መስመር ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ መደርደራቸውን አሳየናቸው።

ቀስር ላይ ብዙ ጥያቄ ስለሚነሳ ባጭሩ እናብራራው። በሻፊዒይና በማሊኪይ መዝሀብ የመድረሻውና የመመለሻው ቀን ሳይቆጠር አንድ ቦታ አራት ቀንና ከዚያ በላይ ለመቆየት ያሰበ መንገደኛ፣ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሙሉ ይሰግዳል። በሐንበሊይም ገደቡ ለዚህ የቀረበ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ግን አሥራ አምስት ቀን ለመቆየት እስካላሰበ ድረስ ያሳጥራል። ስለዚህ አንድ ሳምንት በአንድ ማረፊያ የሚቆዩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ሙሉ፣ ሌላው አሳጥሮ ቢሰግድ ሁለቱም በዑለማዎቻቸው መንገድ ላይ ናቸው። ከአገሬው ኢማም ኋላ የሚሰግድ መንገደኛ ግን ኢማሙን ተከትሎ ሙሉ ይሰግዳል። ሶላት ማጣመርን በተመለከተም መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከመነሳታችሁ በፊት የምትቀሩበትን ዓሊም ጠይቁ።

በሐነፊይ አካባቢ ያደገ ልጅ ሱብሒ ላይ ኢማሙ ከሩኩዕ ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ቁኑት ሲያደርግ ሊደናገር ይችላል። የእኛ ልጅ ግራ ቀኙን ሲመለከት ነበር። መዝሀብ ምን ማለት እንደሆነ በቃል ከምናስረዳው በላይ ያቺ አንዲት ሶላት አስረዳችው።

ባሕሩ የት ሄደ?

በምሥራቁ ዳርቻ የያዝነው ማረፊያ «ባሕሩ በራችሁ ላይ ነው» ብሎን ነበር። ረፋድ ላይ ስንደርስ ባሕር የለም! ዓይን እስከሚያይ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ትንሿ ልጃችን አለቀሰች። እኛም ተታለልን ብለን ተናደድን። ያታለለን ግን አለማወቃችን ነበር።

የባሕር ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ምክንያቱ በዋናነት የጨረቃ፣ በመጠኑም የፀሐይ ስበት ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ፣ ማለትም ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ፣ ስበታቸው ስለሚደመር ውኃው እጅግ ይሞላል፣ እጅግም ይሸሻል። በምሥራቁ ዳርቻ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሽሽቱ ሩቅ ነው።

እዚህ ላይ ሙስሊም ቤተሰብ በእጁ ጥሩ መሣሪያ አለው፦ የሒጅራ ቀን መቁጠሪያ። በወሩ መጀመሪያ ቀናትና ከ14ኛው እስከ 17ኛው ቀን ገደማ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በ8ኛውና በ22ኛው ገደማ ይጠባል። እኛ የደረስነው በወሩ 15ኛ ቀን ስለነበር ባዶ አሸዋ ማግኘታችን አያስገርምም። ልዩነቱ በሚሰፋባቸው ቀናት ውኃው በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ይሸሻል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ይመለሳል። በዚያ ቀን ዐስርን ሰግደን ስንወጣ ባሕሩ በእርግጥም በራችን ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽሽቱንም ወደድነው። ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ይወጣሉ፤ በችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያለማሉ፣ አድርቀውም ይሸጣሉ። ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ለልጆች ጫማ አይርሳችሁ፤ በድንጋዮቹ መካከል እሾሃማ የባሕር እንስሳት አሉ።

የወጥ ቤታችን ዛፎች

ዛንዚባር «የቅመም ደሴት» የምትባለው በተለይ በቅርንፉድ ነው። የቅመም እርሻ ጉብኝት ለልጆች ከመማሪያ ክፍል ይበልጣል። ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ፣ ቀረፋ የዛፍ ልጥ፣ እርድ ሥር፣ ገውዝ የፍሬ ውስጥ ዘር መሆኑን እያሸተቱ ይማራሉ። ሁሉንም በእናታቸው ማጀት በዱቄት ያውቁታል፤ ዛፉን ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

የጆዛኒ ጫካም አይቅርባችሁ። በዓለም ላይ በዛንዚባር ብቻ የሚገኝ ቀይ ጉሬዛ እዚያ ይኖራል። የእኛን ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ለሚያውቅ ልጅ ዘመዱን እንዳገኘ ያህል ነው። በደቡብ በኪዚምካዚ ደግሞ ዶልፊን ለማየት ጀልባዎች ይወጣሉ። አንዳንዶቹ እንስሳቱን እያሳደዱ ያስጨንቃሉ። እኛ ከሩቅ ማየትን መረጥን፤ ለእንስሳ ማዘን ዲናችን ያስተማረን ነው።

ኪዚምካዚ ከሄዳችሁ ግን ዋናው ነገር መስጂዱ ነው። ሕንፃው በኋላ ዘመን የታደሰ ቢሆንም በሚሕራቡ ላይ የተቀረጸው የኩፊ ጽሑፍ 500 ዓመተ ሒጅራ የሚል ቀን ይዟል፤ በአውሮፓውያን 1107 ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከሚታወቁት የእስልምና ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ዛሬም ይሰገድበታል። ሁለት ረከዓ ሰግደን ወጣን።

የልጃችን ጥያቄ

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ያሳለፍነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ2000 በተመዘገበችው አሮጌዋ የድንጋይ ከተማ ነው። ጠባብ መንገዶቿ፣ የተቀረጹ በሮቿ፣ በቤቶቹ ደጅ ላይ ሰው ተቀምጦ የሚጨዋወትባቸው የድንጋይ መደቦች፣ ኪታባቸውን ይዘው ወደ መድረሳ የሚሮጡ ሕፃናት ልብን ይይዛሉ። ማታ በፎሮዳኒ መናፈሻ የመንገድ ምግብና የሸንኮራ ጭማቂ ይሸጣል።

በዚያችው ከተማ የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታም አለ። ዛሬ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት የድንጋይ ምስሎች አሉ። የአሥር ዓመት ልጃችን ለረጅም ጊዜ አይታቸው እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «የሸጧቸው ሰዎች ሙስሊሞች ነበሩ?»

ለዓመታት አስተምረናል፤ በዚያች ቅጽበት ግን አፋችን ተያዘ። ቀላል መልሶች ነበሩ። «አይ፣ ነጮች ናቸው» ማለት ይቻላል፤ ግን ውሸት ነው። «ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር» ማለትም ይቻላል፤ ግን ማምለጫ ነው። እውነቱን ነገርናት። አዎ፣ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ መቀመጫቸውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር ካዞሩ በኋላ የቅርንፉዱ እርሻ ብዙ ጉልበት ፈለገ፤ ሰዎች ከመሐል አፍሪካ እየተማረኩ መጡ። ፈረንሳውያንም በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ለነበሯቸው እርሻዎች ከዚህ ጠረፍ ሰው ገዝተዋል። ገበያው በእንግሊዝ ግፊት በሱልጣን ባርጋሽ ፊርማ የተዘጋው በ1873 ነው። ባርነት ራሱ ሕጋዊነቱን ያጣው በ1897 ነው።

ከዚያም ዲናችን ምን እንዳለ ነገርናት። ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱ ባሪያ ነጻ ለማውጣት የተመደበ ነው። ለስንት ጥፋት ማካካሻው ነጻ ማውጣት ሆኗል። ነጻውን ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ባላጋራው እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠንቀቃቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። መንደር ወርረው ነጻ ሰው ያሰሩ ሰዎች ስማቸው ሙስሊም መሆኑ ከዚህ አያድናቸውም። የእኛም አገር ንጹሕ አልነበረችም፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 እንደ አውሮፓውያን ሲሆን ብዙ ሐበሾች በቀይ ባሕር ተሻግረው ተሽጠዋል።

ልጃችን ዝም ብላ ከሰማች በኋላ «እንደ ቢላል» አለች። አዎ፣ እንደ ቢላል (ረ.ዐ)።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ቦታ አትዝለሉት። ልጆቻችን የሙስሊሞችን ታሪክ ክብሩን ብቻ ሰምተው ካደጉ፣ ነውሩን አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ይሰሙታል፤ ያኔ የሚጠራጠሩት እኛን ብቻ ሳይሆን ዲኑንም ሊሆን ይችላል። ዲኑንና የሰዎችን ሥራ መለየትን ከእኛ፣ በለጋ ዕድሜያቸው ቢማሩት ይሻላል።

ከተመለስን በኋላ ትንሿ ስለ ባሕሩ ታወራለች። ትልቋ ግን ስለዚያ ጉድጓድ አሁንም ትጠይቀናለች። እኛም እያነበብን እንመልሳለን። አላህ ጉዟችንን የምንማርበት፣ ዕረፍታችንን ሐላልና የተባረከ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።