«ስብ ነው» ተብሎ የተጣለው እብጠት

ዛሬ ብዙም ስለማያጋጥም የቆዳ እብጠት ላጫውታችሁ። ባለታሪኩን አስፈቅጄ ነው።

ጎልማሳ የጫት ነጋዴ ናቸው። ከገለምሶ ጭሮ ድረስ መጥተው ጀርባቸውን አሳዩኝ። ሽንብራ የምታክል፣ የቆዳቸው ቀለም ያላት፣ የማታም እብጠት ነች። «ዶክተር፣ አምና አንድ ቦታ ስብ ነው ብለው ቆርጠው ጣሉልኝ። ይኸው ተመልሳ መጣች። ካንሰር ነው እንዴ?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዓይን አይቼ አላወቅኩትም። የስብ እጢ ሊሆን ይችላል፣ የነርቭ እጢም ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ እንዳይሆን ብዬ በጥጥ ነካክቼ ስሜታቸውን ፈተሽኩ፣ ነርቮቻቸውን ዳሰስኩ፤ ደህና ነው። የአምናው ናሙና ቢመረመር ኖሮ ግማሹ ሥራ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ከዜሮ ነው የጀመርነው። አደንዝዘን ሙሉ በሙሉ አወጣናትና ፎርማሊን ውስጥ ከትተን ሐረር ወዳለ ፓቶሎጂስት ላክን። ውጤቱ እስኪመጣ ሰውየው በየሁለት ቀኑ ይደውሉልኝ ነበር።

ውጤቱ «ፎካል ሙሲኖሲስ» ይላል። ካንሰር አይደለም!

ሙሲን ምንድነው? ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባ የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር አስቡት። ቆዳችን ውስጥ ውሃ የሚይዝ ተመሳሳይ ነገር በትንሹ አለ። አንድ ቦታ ላይ ሲበዛና ሲጠራቀም እብጠት ይሆናል። በሕክምና ጽሑፍ ራሱን ችሎ የተገለጸው በ1966 (እ.ኤ.አ.) ነው። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለይም፤ አልሺያን ብሉ የሚባል ማቅለሚያ ሙሲኑን ሰማያዊ ያደርገዋል። ፓቶሎጂስቱ ሱፐርፊሻል አንጂዮሚክሶማ ከሚባለው መንትያው መለየት አለበት፤ ያኛው ጉዳት ባይኖረውም ተመልሶ መምጣት ይወዳል። የሳቸው ግን ያ አይደለም፤ ምናልባት አምና ሥሯ ቀርቶ ይሆናል።

እብጠቱ አንድ ብቻ ከሆነ ማውጣቱ በቂ ነው። ብዙ ቦታ ከወጣ ግን የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል። ሚክሶማ የተባለ እብጠት ከደጋገመ፣ በተለይ ከንፈርና ዓይን አካባቢ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ልብም በአልትራሳውንድ ይታያል። ጣት ላይ ጥፍር ሥር የሚወጣውን ውሃ የቋጠረ እብጠት ደግሞ እባካችሁ በመርፌ አትብሱት! ብዙ ጊዜ ከመገጣጠሚያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንፌክሽን ይዞ ይገባል።

እብጠት ሲወጣላችሁ «ናሙናው የት ይላካል?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ነጋዴው አሁን እንደዚያ አድርገዋል።