የጥገናው ሂሳብ ለምን ይጎድላል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ መኪናቸውን ጋራዥ ያስገቡ ባለንብረቶች ኢንሹራንሱ ከጥገናው ግማሹን ብቻ ሲከፍል ቢደነግጡ አያስገርምም። ምክንያቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና የኢንሹራንስ ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት የንግድ ሕግ ነው። መኪናው አደጋ በደረሰበት ጊዜ የሚያወጣው ዋጋ በፖሊሲው ከሰፈረው ከበለጠ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለንብረቱ የጉዳቱን ተመጣጣኝ ድርሻ ራሱ ይሸከማል።

2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ቢመዘገብ፣ ለ400 ሺሕ ብር ጥገና የሚታሰበው 200 ሺሕ ብር ነው። በውሉ የተመለከተ ተቀናሽ ካለም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቆየ ግምት ይዞ ፖሊሲ ማደስ ለኪሳራ ይዳርጋል። ክፍያው አንሶብኛል የሚልም አይዘግይ፤ ጥያቄው በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል።