ታክስ ፍሪ፦ የምንንቀው ወረቀት

ፓሪስ ወይም ሚላኖ ላይ ውድ የእጅ ቦርሳ የገዛ መንገደኛ ከጠየቀ ከደረሰኙ ጋር አንድ ቅጽ ይሰጠዋል። «ታክስ ፍሪ» ይባላል። ብዙ ሰው ከከረሜላ ወረቀት ጋር ይጥለዋል፤ እኔ ደግሞ ከቦርሳው ይልቅ እሱን እወዳለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሱቁ ፓስፖርት አይቶ ቅጹን ይሞላል፣ የአየር ማረፊያው ጉምሩክ ያጸድቃል፣ እንደ ግሎባል ብሉ ያለ ድርጅት ዋጋው ውስጥ ከተከፈለው ቫት ኮሚሽኑን ቆርጦ ቀሪውን ይመልሳል። ፈረንሳይ ግዢው ከ100 ዩሮ እንዲያልፍ ትጠይቃለች፤ ጣሊያን በ2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወለሉን ከ154.94 ወደ 70 ዩሮ አወረደች። እንግሊዝ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ነገሩን ትታዋለች፤ ስለዚህ ለንደን ሱቅ ውስጥ አትሟገቱ።

ችሮታ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ደረቅ ወደብ ያለን የወረታ ሰዎች ይህን ቶሎ ልንረዳው ይገባል። ለእኛ የሚመጣው ኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ ይራገፋል፣ ቀረጡና ታክሱ ግን የሚከፈለው ለኢትዮጵያ ነው፤ ዕቃው ጅቡቲን ያልፋታል እንጂ አይኖርባትም። ቫትም እንዲሁ ዕቃው የሚኖርበትን አገር ይከተላል። እዚህ ወረታ ለሚያዝ ቦርሳ የፈረንሳይ መንግሥት ቫት ይዞ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ይህን ያልያዘ ሰው ነው በፓስፖርት የሚሳሳተው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር ስታልፍ ወረታ ያረፈች፣ ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ቡና ላይ በንዴት አጫወተችኝ። «ፓስፖርቴ እኮ የኢትዮጵያ ነው! ምን አድርጌያቸው ነው የሚከለክሉኝ?»

«ኑሮሽ የት ነው?» አልኳት።

«ፍራንክፈርት ነዋ!»

በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚጠይቀው ኑሮን ነው፤ ዜግነትን አይደለም። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ፓስፖርቱ የየትም ይሁን አይመለስለትም። በአንጻሩ የስዊድን ፓስፖርት ይዞ ወረታ ተመልሶ የሰፈረ፣ ሩዝ የሚያመርት ሰው፣ ቋሚ ኑሮው እዚህ መሆኑን በማስረጃ ካሳየ ይመለስለታል። አክስቴም ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ብትገዛ መብቷ ነው፤ ቦርሳው ከገዛችበት ወር ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ወር ከማለቁ በፊት ከኅብረቱ ይውጣ እንጂ።

እዚህ ላይ የአበሻ ብልጠት ይመጣል። በእናት ፓስፖርት ገዝቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ቦርሳውን ለልጅ እዚያው ማስቀረት። ብልጠት አትበሉት፤ ማጭበርበር ነው። ቦርሳው ከገዛችው እናት ጋር መሳፈር አለበት፤ ጉምሩክ «አሳዪኝ» የሚለውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ቦርሳውን ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ፣ ሻንጣውን አስጭናችሁ፣ ከዚያ ጉምሩክ ፊት ባዶ እጃችሁን አትቁሙ። መጀመሪያ ጉምሩክ፣ ቀጥሎ ሻንጣ። በእጅ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ማረጋገጫው ከኅብረቱ በምትወጡበት የመጨረሻ አየር ማረፊያ ነው፤ ከሚላኖ በፍራንክፈርት በኩል ለሚበር ፍራንክፈርት ማለት ነው። መለያውን ቆርጦ፣ ሊፕስቲክ ሞልቶበት «አዲስ ነው» ማለትም ያሳፍራል።

ሂሳቡም ያጣላል። የፈረንሳይ ቫት 20 በመቶ ነው ሲባል ሰው 2,400 ዩሮ ላይ 480 ይጠብቃል። ታክሱ ግን ዋጋው ውስጥ ስላለ 400 ብቻ ነው፤ ከኮሚሽን በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከዋጋው 12 በመቶ አካባቢ፣ 288 ዩሮ ገደማ ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለን ሰዎች በካሽ ስንቀበል ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ይቆረጥብናል።

ዱባይ ቫቱ 5 በመቶ ነው፤ ከ250 ድርሃም ጀምሮ ለተገዛ ዕቃ የቫቱ 85 በመቶ ይመለሳል፣ በቅጽ 4.80 ድርሃም ይቆረጣል። እዚያም ቢሆን ማረጋገጫው ከመሳፈራችሁ በፊት ነው፤ ቦሌ ደርሳችሁ ወረቀቱን ብትዘረጉት የሚያጸድቅላችሁ የለም።