የማኅበሩ መዝገብ በስልክ ሲያዝ

በመቲ አካባቢ ለሚገኙ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለቡና አምራች ማኅበራት የተዘጋጀ

በማጃንግ ዞን፣ በመቲ ከተማና በጎደሬ ወረዳ ዙሪያ ያለው ቡና በአብዛኛው የሚበቅለው በደን ጥላ ሥር ነው። ይህ ደን በ2009 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም 233,254 ሄክታር ነው። ቡናና ደን እንዲህ ተቀላቅለው በሚገኙበት ቦታ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተዘጋጀ መሬት የተገኘ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚከለክለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በቀጥታ ይመለከተናል። ደንቡ የወጣው በ2015 ዓ.ም ሲሆን፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ቢሆንም ገዢው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ መጠየቁ አይቀርም። መገኛውን ማሳየት ያልቻለ ማኅበር ቡናው ንጹሕ ቢሆንም ማስረጃ የለውም።

ይህን ማስረጃ ለመያዝ ብዙ ማኅበራት አሁን የሚጠቀሙበት መሣሪያ በሒሳብ ሹሙ ኪስ ያለው ስማርት ስልክ ነው። ስልክ ግን ውሃ ይገባዋል፤ ይሰረቃል፤ ከሞተር ብስክሌት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ስልኩ ሳይሆን ስልኩ የሚናበብበት የኢንተርኔት አካውንት ነው።

ባለሙያዎች ሲንክ የሚሉት አሠራር በካርቦን ወረቀት ደረሰኝ እንደ መጻፍ ያለ ነው። በስልኩ ላይ የተጻፈው የክብደት መዝገብ፣ የተነሣው ፎቶግራፍና የአባላቱ ስልክ ቁጥር ቅጂው በአካውንቱ ይቀመጣል። በጫካ ውስጥ ኔትዎርክ በሌለበት የተመዘገበው ስልኩ ላይ ይቆይና መቲ ሲደረስ ይተላለፋል፤ ለዚህም ፕሮግራሙ ያለ ኔትዎርክ እንዲሠራ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ነገር ግን ከካርቦኑ የሚለይበት አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። ከስልኩ የተሰረዘው ከአካውንቱም ይሰረዛል። በጉግል ድራይቭ የተሰረዘ ሰነድ በቅርጫቱ ውስጥ የሚቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ «ስልኩ ሞላ» ብሎ ፎቶግራፍ የሚያጠፋ ሰው መዝገቡን እያጠፋ ሊሆን ይችላል። በነፃ የሚሰጠው የጉግል አካውንት 15 ጊጋባይት ይይዛል፤ ይህም በአግባቡ ለተያዘ የማኅበር መዝገብ ይበቃል፤ የዘፈንና የሠርግ ቪዲዮ ካልተጨመረበት ማለታችን ነው።

የማሳውን ነጥብ ስለ መውሰድ

ስልኩ መገኛውን የሚያገኘው ከሳተላይት ስለሆነ ኔትዎርክ ባይኖርም ይሠራል። በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ግን ስሕተቱ ይበዛል። በመሆኑም ሰማይ በሚታይበት የማሳው ክፍል ጥቂት ደቂቃ ቆሞ፣ ቁጥሩ መለዋወጡን ሲቀንስ መመዝገብ ይገባል። ደንቡ ከነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል። በሁለት አኃዝ ቢቆረጥ ማሳው ከቦታው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። ለቡና እስከ 4 ሄክታር ላለው ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው በሙሉ መለካት አለበት። ሌላው ተደጋጋሚ ጥፋት የቁጥሮቹ መገልበጥ ነው። በመቲ ዙሪያ የሰሜን ኬክሮሱ በ7 ይጀምራል፤ የምሥራቅ ኬንትሮሱ ደግሞ በ34 ወይም በ35። ቢገላበጡ የጎደሬው ቡና አልጄሪያ ውስጥ የበቀለ ሆኖ ይታያል!

ነጥብ ከመወሰዱ በፊት አባሉ ለምን እንደሚወሰድና ማን እንደሚያየው ሊነገረው ይገባል። ደን ውስጥ ቀፎ የሰቀለ ጎረቤት ካለም አብሮ ይጠራ። የስልክ ነጥብ የይዞታ ማረጋገጫ አለመሆኑን የልማት ሠራተኛው በግልጽ ካላስረዳ ሥራው ወደ ድንበር ጠብ ይዞራል።

ቀንና ሰዓት ትንሽ ነገር ይመስላሉ። የስልኩ ፎቶግራፍ ቀን የሚይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከማኅበሩ ደረሰኝ ጋር ሲመሳከር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያሳያል፤ የሁለቱም ቀን በሰነዱ ስም ላይ ቢጻፍ ክርክር ይቀራል። ለጠዋት 2 ሰዓት የታሰበ የርክክብ ማስታወሻም በስልኩ 8 ተብሎ ካልተሞላ ሌሊት ይቀሰቅሳል።

ክፍያ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በቴሌብር መፈጸም ይቻላል። የክፍያው አጭር መልእክት ግን በራሱ ከአካውንቱ ጋር ይናበባል ብሎ መተማመን አይገባም። የልውውጡ ቁጥር በዕለቱ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይገልበጥ።

አካውንቱ የማን ነው?

ብዙ ጊዜ አካውንቱ የሚከፈተው በሒሳብ ሹሙ ስምና በግል ሲም ካርዱ ነው። ሰውየው ወደ ቴፒ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲዛወር የአባላቱ ማሳ፣ ክብደትና ፎቶግራፍ አብሮት ይሄዳል። ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ የይለፍ ቃሉን ግን ሌላ ሰው አያውቀውም፤ ማረጋገጫ ቁጥሩም የሚላከው ወደ እሱ ስልክ ነው። ይህ ከሌባም ከዝናብም ይልቅ ማኅበርን የሚጎዳ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ አካውንቱ በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ ስም በወጣ ሲም ካርድ ይከፈት። ጉግል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለሚጠቀሙ የሚሰጣቸው አሥር የመጠባበቂያ ቁጥሮች አሉ። ስልኩ ቢጠፋም በእነዚህ መግባት ይቻላል። ቁጥሮቹና የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፈው፣ በፖስታ ታሽገው፣ ከማኅተሙ ጋር በሣጥን ይቀመጡ። ቁልፉ በሊቀ መንበሩ ወይም በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይሁን። ሒሳብ ሹም ሲለወጥ የይለፍ ቃሉ በርክክቡ ቀን ይቀየራል፤ አዲስ የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይወጣሉ፤ የቀድሞው ሠራተኛ ስልክም ከአካውንቱ ይነሣል። ስልክ ከተሰረቀም በሌላ ስልክ ወደ አካውንቱ ተገብቶ የጠፋው በዚያው ቀን እንዲወጣ ይደረጋል።

ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ጉግል ከነሰነዱ ሊሰርዘው ይችላል። ቡና በማይለቀምባቸው ወራትም ቢሆን በኮሚቴው ወርኃዊ ስብሰባ ቀን ስልኩ ኔትዎርክ ባለበት ይከፈትና ይናበብ፤ የተናበበበትም ቀን በወረቀት መዝገቡ ላይ በሁለት ሰው ፊርማ ይስፈር።